ኪኒናችሁን አትውቀጡ፦ «ሰጋቱራ እየዋጥን ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን እናት የደም ግፊት ኪኒናቸውን በሙቀጫ ወቀጡት። ዱቄቱን በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ጠጡት። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከወንበር ብድግ ሲሉ ዞረባቸውና ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ደግነቱ ልጃቸው ቤት ነበረች። ደውላልኝ ስደርስ ግፊታቸው በጣም ወርዷል፣ ልባቸው ይመታል፣ ፊታቸው ቀልቷል። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ደህና ናቸው።

ለምን እንደወቀጡት ስጠይቅ ልጅቷ ስልኳን አወጣችና አንድ ጽሑፍ አሳየችኝ። ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ያለ ነው፤ ብዙዎቻችሁም ደርሷችሁ ይሆናል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ኪኒን ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ከእንጨት የሚወጣ ሴሉሎስ ነው። ሆድ ስለማይፈጨው ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። አንዳንዱ ኪኒን እንዲያውም እንዳለ በሰገራ ስለሚወጣ ገንዘባችሁ ሽንት ቤት ገባ ማለት ነው። መፍትሔው ፈጭቶ መውሰድ ነው። ካፕሱል ደግሞ ሁሉም ከአሳማ ነው። መጨረሻው ላይ ጽሑፉ አቅጣጫ ይቀይርና፣ ከእንሰት የሚሠራ ናኖሴሉሎስ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ቀጭን የሴሉሎስ ክር፣ በቅርቡ ከካንሰርና ከኢንሱሊን መርፌ ይገላግለናል ይላል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ግን ከጻፉት ውስጥ ሰው የሚጎዳ ነገር አለ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በተራ ልመልስ፤ ተራውን ግን እኔ ቀይሬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፈጭታችሁ ውሰዱት»

ከዚህ የምጀምረው አደጋው ያለው እዚህ ስለሆነ ነው።

እኚህ እናት የሚወስዱት ኒፌዲፒን ነው፤ የደም ሥርን የሚያላላ መድኃኒት። በአንዴ ደም ውስጥ ሲገባ ግፊትን ቶሎና ብዙ ያወርዳል። ድሮ ግፊት ሲያሻቅብ ሐኪሞች የኒፌዲፒን ካፕሱል ያስነክሱ ወይም ከምላስ ሥር ያስይዙ ነበር። ይህ አሠራር ስትሮክና የልብ ጉዳት እያስከተለ መሆኑ ታውቆ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተው ተባለ። መድኃኒቱ ግን አልተጣለም። የተቀየረው አለቃቀቁ ነው፤ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት እየተንጠባጠበ እንዲገባ ተደረገ። ያንን መንጠባጠብ የሚቆጣጠረው ደግሞ፣ ጸሐፊው ሰጋቱራ ያሉት ሴሉሎስና ዘመዶቹ ናቸው።

እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ትንሽ ተልባ ውኃ ውስጥ ጨምሩና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። እያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያዋን ዝልግልግ ነገር ትለብሳለች። በጣት ልትይዟት ስትሞክሩ ታመልጣችኋለች። ሃይፕሮሜሎስ የሚባለው የሴሉሎስ ዘመድም እንደዚያው ነው። ኪኒኑ ጨጓራ ሲደርስ ውጪው ውኃ ይጠጣና ዝልግልግ ጄል ይሆናል፤ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። መድኃኒቱ በዚያ ጄል መሀል እየሾለከ፣ ጄሉም ከላይ ከላይ እየተላጠ፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል። ሲወቀጥስ? ግድግዳው ይፈርሳል፤ ለቀን የታሰበው መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። እኚያ እናት ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ይህ የኒፌዲፒን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለካንሰር ሕመም የሚሰጥ ረጅም የሚቆይ ሞርፊን ተፈጭቶ ቢወሰድ ትንፋሽ አቁሞ ሊገድል ይችላል። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ኪኒን ሲፈጭ ደግሞ ወይ መድኃኒቱን የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል፣ ወይ መድኃኒቱ ጨጓራውን ያቆስለዋል። ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ ኤስአር፣ ኤክስአር፣ ኢአር፣ ሲአር፣ ኤልኤ ወይም ኤክስኤል የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካያችሁ እንዳትነኩት፤ እንዳለ ዋጡት። ፊደሎቹ የሌሉበት ረጅም ቆይታ ያለው መድኃኒትም ስላለ፣ ከመፍጨታችሁ በፊት የሰጣችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

ምንም ኪኒን አይሰበርም ማለቴ አይደለም። ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት የሚባለው የልብ መድኃኒት ረጅም የሚቆይ ሆኖ ሳለ መሀሉ ላይ መስመር አለው፤ ለሁለት ይከፈላል። ምክንያቱም ውስጡ ያሉት ትንንሽ እንክብሎች እያንዳንዳቸው ኤቲልሴሉሎስ በተባለ ውኃ የማያሟሟው ነገር የተሸፈኑ ናቸው። ኪኒኑን ብትከፍሉት እነሱ አይነኩም። ብትወቅጡት ግን ይሰበራሉ። እንዲህ ያለውን ልዩነት በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ነው ለሁሉም ኪኒን አንድ ምክር መስጠት አደገኛ የሚሆነው።

«እንዳለ በሰገራ ይወጣል»

ይህ ያዩትን ነው የጻፉት፤ እውነትም ይወጣል። ያወጡት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው።

አንድ ጊዜ አንድ አባት በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ይዘውልኝ መጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው የግፊት ኪኒን ነው። «ይኸው፣ እንደዋጥኩት ወጣ፤ ያውም አጥቤው ነው ያመጣሁልህ» አሉኝ። ጓንት አድርጌ በምላጭ ሰነጠቅኩት። ውስጡ የነበረው መድኃኒት ወጥቶ አልቋል፤ የቀረው ቅርፊቱና እርጥብ ጭቃ የመሰለ ነገር ነው። መብራቱ ሥር አስጠግቼ ከቅርፊቱ ላይ ያለችውን የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

ያች ቀዳዳ በሌዘር የተበሳች ናት። ቅርፊቱ ሴሉሎስ አሲቴት ይባላል፤ ከጥጥ ወይም ከእንጨት ሴሉሎስ ይሠራል፣ የድሮ የካሜራ ፊልምም ይሠራበት ነበር። ውኃ ያስገባል፤ መድኃኒቱን ግን አያሳልፍም። ውኃው ሲገባ ውስጥ ያለው አንደኛው ንብርብር ያብጥና መድኃኒቱን በቀዳዳዋ ገፍቶ በልክ በልክ ያስወጣዋል። ሥራውን ሲጨርስ ቅርፊቱ ባዶውን ይወጣል። ይህን ዘዴ የካሊፎርኒያው አልዛ ኩባንያ ያዳበረው በ1970ዎቹ ነው፤ በዚሁ ዘዴ የተሠራው የፋይዘር ኒፌዲፒንም በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። አብሮት የሚመጣው ወረቀት ራሱ ቅርፊቱን በሰገራችሁ ብታዩ አትደንግጡ ይላል። ረጅም የሚቆየው ሜትፎርሚንም እንዲሁ ነው፤ ጄሉ አንዳንዴ ኪኒኑን የመሰለ ለስላሳ ነገር ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ግን ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቷል።

ጸሐፊው ሳያነሱት የቀረ፣ ሊነሳ የሚገባው አንድ ነገር አለ። አንጀቱ በበሽታ ወይም በቀዶ ሕክምና የጠበበ ሰው ላይ ይህ የማይሟሟ ቅርፊት ሊያዝና ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ ችግር ካለባችሁ ለሐኪማችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።

«አብዛኛው እንጨት ነው፣ ማጭበርበር ነው»

ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ብትመዝኑት አብዛኛው ክብደቱ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ በጥቅሉ አብዛኛው እንጨት ነው ማለት አይቻልም።

ግን እውነት ነው፣ አብዛኛው ክፍላቸው መድኃኒት ያልሆነ ኪኒኖች አሉ። ለእንቅርት ሕሙማን የሚሰጠውን ሌቮታይሮክሲን ውሰዱ። አንዱ ኪኒን ውስጥ 50 ማይክሮግራም ሊሆን ይችላል። ይህ ከአንዲት የገበታ ጨው ቅንጣት ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። አንዲት የጨው ቅንጣት ቆጥሬ በእጃችሁ ላድርግላችሁ? ትወድቃለች፣ ትጠፋለች፣ ጣት ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ያችን ቅንጣት ሰው ሊይዘው፣ ሊውጠው፣ በየቀኑ እኩል ሊያገኘው ወደሚችል ነገር ለመቀየር ተሸካሚ ያስፈልጋል።

ተሸካሚው ብዙ ጊዜ ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ ነው። በ1955 አሜሪካ ውስጥ በአሜሪካን ቪስኮስ ኩባንያ ኦርላንዶ ባቲስታ እና ባልደረባው ያገኙት ነው። የሚሠራውም እንዲህ ነው፦ ከእንጨት ወይም ከጥጥ የተጣራ ሴሉሎስ ተወስዶ በቀጠነ አሲድ ይቀቀላል። ልል የሆነው ክፍል ይሟሟል፤ ጠንካራው ይቀራል። ታጥቦ ሲደርቅ ነጭ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው ዱቄት ይሆናል። ሰጋቱራን ሰጋቱራ የሚያሰኘው ሊግኒን የሚባለው ነገርም ቀደም ብሎ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ሰጋቱራ ማለት፣ ስኳርን ሸንኮራ አገዳ እንደማለት ነው።

የሚገርመኝ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ዱቄት በማሽን ሲጨመቅ ያለ ሙጫ እርስ በርሱ ተያይዞ ጠንካራ ኪኒን ይሆናል። ክሮስካርሜሎስ የሚባለው የዚሁ የሴሉሎስ ዘመድ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ውኃ ሲነካው ያብጥና ኪኒኑን በደቂቃዎች ውስጥ ከውስጥ ይበትነዋል። የሚያያይዘውም የሚበትነውም፣ የሚያዘገየውም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

«ሆድ አይፈጨውም፣ ስለዚህ ይከማቻል»

አይፈጨውም፤ ልክ ናቸው። አይከማችም።

እንሰት የሚፋቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳኛል። ከአንዱ ተክል ቡላም ይወጣል፣ ቃጫም ይወጣል። ቡላውን እንበላለን፤ ቃጫው ገመድና ጆንያ ይሆናል። ሁለቱም በአመዛኙ የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፤ ከግሉኮስ። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ እጅ ለእጅ የተያያዙበት መንገድ ነው። የቡላውን ማያያዣ ሆዳችን ይፈታዋል፤ የቃጫውን የሚፈታ ኢንዛይም የለንም። ላም ጭድ በልታ የምትጠግበው ሆዷ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ስለሚፈቱላት ነው።

ያልተፈጨና ከአንጀት ወደ ደም ያልገባ ነገር የት ይከማቻል? ወደፊት ሄዶ ይወጣል እንጂ። ጎመን በበላችሁ ቁጥር፣ እንጀራ በበላችሁ ቁጥር የሚሆነው ይኸው ነው። በምግብ የምናገኘው ቃጫ በግራም ይቆጠራል፤ ኪኒን ውስጥ ያለው በሚሊግራም ነው። ሜቲልሴሉሎስ እንዲያውም ለሆድ ድርቀት ራሱን ችሎ በመድኃኒትነት ይሰጣል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2018 ምግብ ውስጥ የሚጨመሩ ሴሉሎሶችን እንደገና መርምሮ የቀን ጣሪያ ማስቀመጥ አያስፈልግም ብሏል።

የሚከማችበት አንድ መንገድ ግን አለ። ኪኒን አሟሙተው በመርፌ ወደ ደም ሥር የሚያስገቡ የሱስ ተጠቂዎች አሉ። ያኔ ሴሉሎሱ ሳንባ ውስጥ ይቀረቀርና ክፉ ቁስለት ያስከትላል። በአፍ የሚወሰደው ሌላ፣ በደም ሥር የሚገባው ሌላ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ናኖው ስንመጣ ያስፈልገናል።

«ካፕሱል ሁሉ የአሳማ ነው»

ሁሉም አይደለም። ብዙው ካፕሱል ከጄላቲን ይሠራል፤ ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ሆኑ የሚጾሙ ክርስቲያኖች ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሃይፕሮሜሎስ፣ ማለትም ከተክል ሴሉሎስ የሚሠራ ካፕሱል ግን አለ። ከሳጥኑ ጋር ባለው ወረቀት የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ላይ ይጻፋል። ፋርማሲስታችሁን አንብብልኝ በሉት። መድኃኒቱን በራሳችሁ ከማቋረጥ ይህ ይሻላል።

«የእንሰት ናኖ ከካንሰርና ከኢንሱሊን መርፌ ይገላግለናል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የምወደውን ነገር ነክተዋል፤ ትንሽ ልቆይበት።

ቃጫን ብትተረትሩት ውስጡ ሌላ ቃጫ አለ። ያንንም ብትተረትሩት ሌላ። መጨረሻ የምትደርሱበት ክር ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ናኖሜትር ነው (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፤ የሰው ፀጉር ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። እዚያ ለመድረስ ብዙ ተለፍቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኒው ጀርዚ ውስጥ አልቢን ተርባክ እና ባልደረቦቹ በውኃ የተበጠበጠ የእንጨት ፐልፕ (ለወረቀት መሥሪያ የሚሆን የእንጨት ቃጫ) ወተት በሚያዋህድ ማሽን በከፍተኛ ግፊት ደጋግመው ሲያሳልፉ ጄል ሆነላቸው። የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ብዙ ነበር። በ2006 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጹጉዩኪ ሳይቶ እና አኪራ ኢሶጋይ ቃጫውን አስቀድመው ቴምፖ በሚባል ኬሚካል ረዳትነት ሲያክሙት ክሮቹ በትንሽ ጉልበት እንደሚላቀቁ አሳዩ። ለዚህ ሥራቸው ከዮሺሃሩ ኒሺያማ ጋር በ2015 የማርኩስ ዋለንበርግን ሽልማት አግኝተዋል።

ጄሉ ልዩ ነው። ከመቶ 98 እጁ ውኃ ሆኖ ሳለ ሳይፈስ ይቆማል። ደርቆ ስስ ፊልም ሲሆን መድኃኒት ውስጡ አጥምዶ ይይዛል። በ2012 የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች ከናኖፋይበር በሠሩት ፊልም ኢንዶሜታሲንና ኢትራኮናዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች ለሦስት ወር ያህል ቀስ ብለው እንዲወጡ ማድረግ ችለዋል። ይህ ግን የላብራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ሰው ላይ አይደለም። ሰው ላይ የደረሰው ለቁስል ነው። እዚያው ሄልሲንኪ፣ የተቃጠሉ ሕሙማን ለንቅለ ተከላ ቆዳ በተነሳላቸው ቦታ ላይ ከእንጨት ናኖፋይበር የተሠራ መሸፈኛ ተሞክሮ፣ ቆዳው ሲድን በራሱ ተላቋል። ቁስል ላይ የተጣበቀ ፋሻ ሲላቀቅ የሚጮህ ልጅ የሰማ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ካንሰርና ኢንሱሊንስ? በናኖሴሉሎስ ተጭኖ የሚሸጥ የካንሰር መድኃኒት የለም። ላብራቶሪ ውስጥ ሴሎች ላይና እንስሳት ላይ የሚሠራ ብዙ ጥናት አለ። ቅድም ያልኩት ልዩነት የሚመጣው እዚህ ነው። በደም ውስጥ ሴሉሎስን የሚፈታ ኢንዛይም የለንም፤ ስለዚህ ደም ውስጥ የገባ ናኖክር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው መመለስ አለበት። ደረቅ ሆኖ ሲተነፈስም የአይጦችን ሳንባ ሲያስቆጣ ታይቷል። ኢንሱሊን ደግሞ ፕሮቲን ነው። ሴሉሎስ ከጨጓራ አሲድ ሊከልለው ይችል ይሆናል፤ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ መግባቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። መርፌ ላይ ያላችሁ የስኳር ሕሙማን ይህን ጽሑፍ አምናችሁ መርፌያችሁን እንዳትተዉ አደራ እላለሁ።

የእንሰቱ ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ከጀርመን ሃሌ ባልደረቦቻቸው ጋር ከጤፍ ጭድ፣ ከእንሰት ቃጫ፣ ከሸንኮራ አገዳ ምጣጭና ከቡና ገለባ ሴሉሎስ አውጥተው በ2020 ሥራቸውን አሳትመዋል። ከዚያ እስከ ፋብሪካ ግን ረጅም ነው። በሺህ ኪሎ ሲመረት እያንዳንዱ ምርት ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከጀርም መጽዳት አለበት። ኬሚካሉ ታጥቦ መውጣት አለበት። ናኖክሩ ሲደርቅ እርስ በርሱ ተጣብቆ መልሶ አልላቀቅ ስለሚል ውኃውን ተሸክሞ ማጓጓዝ ግድ ይላል፤ ያ ደግሞ ውድ ነው።

እኔ ብጠየቅ ከናኖው አልጀምርም። የአገራችን የመድኃኒት ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚያስገቡት፤ ያ በ1955 የተገኘው ተራ ነጭ ዱቄት ጭምር። ጥጥ አለን፣ የእንሰት ቃጫ አለን፣ የስኳር ፋብሪካዎቻችን የሸንኮራ ምጣጭ አላቸው። የመድኃኒት ደረጃ የሚያሟላ ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ እዚህ ማምረት የዓለምን ዜና አይሠራም፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚጠበቅ ተአምር አይደለም፣ አሠራሩም ከታወቀ ቆይቷል።

ጸሐፊው የሰዉን ቅሬታ ግን አልፈጠሩትም። ወረቀቱ በአማርኛ አይደለም፣ እኛም ወረፋ ሲበዛብን «በቀን አንድ» ብለን እንሸኛለን። እኚያ እናት ኪኒኑ ለምን እንደማይፈጭ ቢነገራቸው ኖሮ ሙቀጫውን ባላነሱት። አሁን ሳጥኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «አይወቀጥም፣ አይታኘክም» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

ጽሑፉን ለጻፉት ሰው አንድ ልመና አለኝ። ሌላው ይቆይ፤ ስንስማማ ስንከራከር እናስተካክለዋለን። ፈጭታችሁ ውሰዱ የሚለውን አንቀጽ ግን ዛሬ ያውጡት።